በትራሳችን ሥር ያለው ሰዓት የማን ነው?



አበው «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይላሉ። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ግን ጊዜ ስለሰጠው ሳይሆን ጊዜያችንን ስለሚወስድብን ነገር ነው። እርሱም ሁላችንም ትራሳችን ሥር አድርገነው የምናድረው ሞባይል ነው።

ስለ ስልክ የማይናገር የለም። ቤተሰብ «ስልክሽ ለምን ተዘጋ?» ይላል። አሠሪ «ስልክ ሥራ አስፈታሽ» ይላል። መካሪም በበኩሉ «ስልክ ትውልዱን አጠፋው» ይላል። ሁሉም ስለ ስልኩ ይናገራል፤ ስለ ሰዓቱ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። እኛ በጅዳና በመካ በሰው ቤት ሠርተን የምናድር ሴቶች ወደዚህ አገር ይዘን የመጣነው ሸቀጥ የለም። የሸጥነው ጊዜያችንን ነው። ሁለት ዓመት ብለን ፈረምን፤ ቀኑንም ሌሊቱንም ለወር ደመወዝ ሰጠን። ለመሆኑ ከተሸጠው ጊዜ ተርፋ እጃችን ላይ የምትቀረው ያቺ ጥቂት ሰዓት የማን ናት?

የእኛ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ስልክ ጠላታችን አይደለም፤ ብዙ ውለታ ውሎልናል። ነገር ግን የተረፈችንን ሰዓት በር እንደሌለው ክፍል ለሁሉም ክፍት አድርጎብናል። በሩን መልሰን መግጠም ያለብን እኛው ነን።

አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ቀን መቁጠሪያ

ብዙዎቻችን እዚህ እንደገባን መጀመሪያ ያደናገረን ሰዓቱ ነበር። ማዳም «ቲስዓ» ስትል ዘጠኝ ማለቷ ነው፤ ያ ሰዓት ለእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ልጆቹን ለትምህርት ቤት «ሲታ» ላይ ቀስቅሺ የተባለች አዲስ መጪ፣ በለመደችው አቆጣጠር ስድስት ሰዓት እስኪሆን ብትጠብቅ ቀትር ይሆንባታል። በዚህ ምክንያት የተቆጣናም፣ ያለቀስንም፣ በኋላም የሳቅንበት ብዙ ነን።

የሚገርመው ነገር በሁለቱ አገሮች መካከል የሰዓት ልዩነት የሚባል ነገር የለም። አዲስ አበባም፣ ጅዳም፣ መካም ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማሉ። እናታችን ደሴ ላይ የጠዋቱን ቡና ስታፈላ እኛም እዚህ የማዳምን ቁርስ እያቀረብን ነው። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት፣ ስልኩ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ታሪክ ካነሣን አይቀር ደግሞ፣ የዚህ አገር ሰዎች ራሳቸው በቀድሞው ዘመን ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዓታቸውን አሥራ ሁለት ላይ አድርገው ይሞሉ ነበር። እኛ «ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት» የምንለው የእነርሱም አነጋገር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ መካ ውስጥ ያለን እኅቶች ቀና ስንል የምናየው ሌላ ሰዓት ነው። ከታላቁ መስጊድ ጎን በቆመው፣ 601 ሜትር ከፍታ ባለው ሕንፃ ላይ በአራቱም አቅጣጫ ሰዓት ተገጥሞበታል፤ የአንዱ ገጽ ስፋት 43 ሜትር ያህላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010፣ በረመዳን መግቢያ፣ ለሙከራ መሥራት ሲጀምር በግሪንዊች ፈንታ የመካ ሰዓት የዓለም መለኪያ ይሁን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008፣ ዶሃ ላይ በተደረገ ጉባኤም ይኸው አሳብ ቀርቦ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዓለም በማን ሰዓት ይተዳደር የሚለው ነገር ታላላቆቹን እንኳ ያከራክራል። እኛ ትራሳችን ሥር ስላለው ትንሽ ሰዓት ብንጠይቅ ምን ያስደንቃል?

ቀን መቁጠሪያውም እንደዚሁ ነው። ስልኩ የሚነግረን የፈረንጁን ቀን ነው። የቤቱ ጾምና በዓል በሒጅራ ነው። የልጃችን ልደት፣ የአባታችን ሙት ዓመት፣ እንቁጣጣሽና ፋሲካ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ናቸው። ጳጉሜን የሚያውቅ ስልክ እምብዛም የለም፤ ለእኛ ዘመን ሲለወጥ እርሱ ተራ የሴፕቴምበር ቀን ያሳየናል። አስታዋሽ ከሌለ ደግሞ በዓሉን ሳናውቀው ያልፋል። አንዳንዶቻችን አዲስ ዓመት መግባቱን ያወቅነው ከአገር ቤት የአደይ አበባ ፎቶ ሲላክልን ነው።

ይህ የአበባ ነገር ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም አለበት። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከፈረንጁ በ11 ቀን ያህል ያጥራል። ሁለት ዓመት የሚለው ውል በሒጅራ ሲቆጠርና በፈረንጅ ሲቆጠር መካከሉ 22 ቀን ገደማ ይሆናል። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ የሠራተኞቹን ደመወዝ ከሒጅራ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲያዞር ወጪ መቀነሱ አንዱ ምክንያት ነበር። መንግሥት ያክል ነገር የቆጠረውን 11 ቀን እኛ የማንቆጥረው ለምንድን ነው?

ደብዳቤ ሲጠበቅ የነበረበት ዘመን

ከ25 እና ከ30 ዓመት በፊት ጅዳ የነበሩ ታላላቅ እኅቶቻችን የሚያወጉንን ሁላችንም ሰምተናል። ያኔ ደብዳቤ የሚላከው አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ነው። መጻፍ የማትችል ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ትልካለች፤ እናቷም በዚያው ካሴት ጀርባ ላይ መልሷን ቀድታ ትልክላታለች። ካሴቱ ውስጥ የዶሮው ጩኸት፣ የጎረቤቱ ሰላምታ፣ የልጁ ልቅሶ ሁሉ አብሮ ይመጣል። መልስ ለማግኘት ወራት ይፈጅ ነበር። ቀጥሎ የስልክ ካርድ ዘመን መጣ። ካርዱን ፍቀን፣ ቁጥሩን አስገብተን፣ የቀረችው ደቂቃ እየተነገረን፣ «ደኅና ናችሁ? ደኅና ነን» ብለን ሳንጠግብ ይዘጋል። ካርድ የሌላት በሚስኮል «አለሁ» ትላለች።

ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል። እርግጥ በአንድ ቀን የቀረ አይደለም። ቫይበር እ.ኤ.አ. በጁን 2013 በሳዑዲ ተዘግቶ ነበር፤ በኢንተርኔት መደወልን ይከለክል የነበረው አሠራር የላላው በሴፕቴምበር 2017 ነው፤ ያኔም ቢሆን ሁሉም አልተከፈተም። ኢሞ ሲሠራ በኢሞ፣ እርሱ ሲያስቸግር በሌላ እየተባለ እዚህ ደርሰናል። አሁን ልጃችን ምሳውን ሲበላ እናየዋለን፤ የቤት ሥራውን እናሠራዋለን፤ እናታችን ሐኪም ቤት ስትገባ ወረፋውን አብረን እንጠብቃለን። ይህን ውለታ የሚክድ ሰው ካለ ካሴት የጠበቀ ሰው አይደለም።

ነገር ግን የድሮው መጠበቅ የሚያሠቃይ ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምር ነበር፤ መራቃችንን እንዳንረሳ ያደርገን ነበር። መልስ ስንጠብቅ ወር እንቆጥራለን፤ ወር ስንቆጥር የመመለሻችንን ቀን እንቆጥራለን። አሁን ግን ልጃችንን በየማታው ስለምናየው የተለየነው አይመስለንም። ዛሬ ከትናንት አይለይም። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ያልነው አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል፤ በመካከሉ ግን የተለየ ነገር እንዳለፈብን አንቆጥረውም። ልጁ ግን ይቆጥረዋል። «እማዬ» የሚላት ያሳደገችውን አያቱን ነው፤ እኛን ደግሞ «የስልኳ» ይለናል። ልጅ በስልክ ይታያል እንጂ በስልክ አይታቀፍም። ስልኩ ቀኑን አሳጥሮልናል፤ ዓመቱ ግን ያው ዓመት ነው።

ፎቶውም እንዲሁ ያደርጋል። ታናናሾቻችን አገር ቤት ሆነው በቲክቶክና በፌስቡክ የሚያዩት ወርቁን፣ ሻንጣውን፣ ወሎ ወይም ጅማ ላይ የቆመውን ቆርቆሮ ቤት ነው። ቤቱ በፎቶ ሲታይ ሰባት ዓመት እንደፈጀ አይታይም። መሠረቱ የተጣለበት ዓመት፣ ገንዘቡ አልቆ ሥራው የቆመበት ዓመት፣ ደመወዝ የተከለከልንበት ዓመት በፎቶው ላይ የሉም። ስለዚህ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ «እኅቴ ሄዳ ወዲያው አለፈላት» ብላ ደላላ ፍለጋ ትነሣለች። ፎቶ ስንለጥፍ ዓመቱንም አብረን ብንጽፍበት ምን ይጎዳናል? «በሰባት ዓመት የተሠራ» የሚል አንድ መስመር ስንቷን ልጅ ባረፈ ነበር!

የሁለት ቤት ደወል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀድሞ የአሠሪ ትእዛዝ ድምፅ በሚደርስበት ያበቃ ነበር። ማዳም ከላይ ፎቅ ብትጣራ ካልሰማን አልሰማንም። አሁን ትእዛዙ በዋትስአፕ ቮይስ ሆኖ ይመጣል፤ «ሻይ አምጪ»፣ «የልጁን ልብስ ተኩሺ»፣ «ሰርግ ቤት ነን፣ ሌሊት ስንመጣ በር ክፈቺ፣ እንዳትተኚ»። የሠራተኛዋ ክፍል መቆለፊያ ይኑረው አይኑረው፣ ስልኩ በሩን ከፍቶታል። በረመዳንማ ሌሊቱ ቀን ይሆናል። ከቀትር በኋላ የተጀመረው የሳምቡሳና የሾርባ ሥራ ለፉጡር ይደርሳል፤ ዕቃው ታጥቦ ሳያልቅ እንግዳ ይመጣል፤ እንግዳው ሳይሸኝ ሱሁር ይደርሳል። በዚያ መካከል «ጥቂት ጋደም ልበል» ያለችን እኅት ስልኳ ይቀሰቅሳታል። ይህ ሙስሊሟንም ክርስቲያኗንም እኩል የሚያገኝ ድካም ነው።

ሁለተኛው ደወል የሚመጣው ከአገር ቤት ነው። ይህን ስንጽፍ ወገኖቻችንን ለመክሰስ አይደለም፤ ተቸግረው እንጂ ጠግበው እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ገንዘብ በሰው እጅ ይላክ በነበረበት ጊዜ፣ አገር ቤት የተፈጠረ ችግር በአገር ቤት መላ ይፈለግለት ነበር። ጎረቤት ያበድራል፣ ዕድር ይደርሳል፣ በግ ይሸጣል። የእኛ ገንዘብ የሚደርሰው በኋላ ነው። ዛሬ ብሩ በደቂቃ እንደሚገባ ሁሉም ስላወቀ ጥያቄውም የደቂቃ ሆኗል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ «አሁኑኑ ላኪ» የሚል መልእክት ይገባል። ለሰርግ፣ ለባጃጅ፣ ለወንድም ጉዞ፣ ለማናውቀው ዘመድ ሳይቀር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ፤ «ዛሬ ስንት ገባ? ነገ ይጨምራል፣ ቆይ» እያልን ቀኑን ሙሉ ምንዛሪ ስንከታተል እንውላለን። ላባችንን ከሸጥን በኋላ ጭንቀታችንንም በቀን በቀን እንመነዝረዋለን።

ሦስተኛው ደወል የራሳችን ጣት ነው። ሥራ አልቆ ሁሉም ሲተኛ ቲክቶክ እንከፍታለን። «አንድ ብቻ ልይ» ያልነው ስምንት ሰዓት ሌሊት ይሆናል፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ልጆቹን ለመቀስቀስ እንነሣለን። ሦስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ማለት ነው። ይህን ስንፍና የሚለው ሰው ቀኑን አያውቀውም። ቀኑን ሙሉ በስማችን ያልተጠራን፣ በቋንቋችን ያልተናገርን ሰዎች ነን። ያቺ ሌሊት የራሳችንን ሳቅ የምንስቅባት፣ የራሳችንን ዘፈንና መዝሙር የምንሰማባት ብቸኛዋ ሰዓት ስለሆነች ልንለቃት እንሳሳለን። ይሁን እንጂ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ የተቀማነውን ቀን ለማስመለስ ብለን የቀረንን እንቅልፍ እንሰጣለን። በማግስቱ ብረት ምጣዱ እጃችንን ያቃጥለዋል፤ ደረጃው ላይ እንንሸራተታለን፤ በትንሹ እንናደዳለን። ቲክቶክ ላይ ከአንዱ ምስል በኋላ ሁልጊዜ ሌላ አለ፤ ማቆሚያ የለውም። ማቆሚያ የሌለው ነገር ካጋጠመ ማቆሚያውን ራስ ማበጀት ግድ ነው።

መስመሩ ሲቋረጥ

ስልክ ጊዜን እንዴት እንደሚለውጥ ከሁሉ ይልቅ ያየነው ስልክ በጠፋ ጊዜ ነው። በጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጅዳ ያሉ የትግራይ ተወላጅ እኅቶቻችን የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ስንት ወራት እንዳሳለፉ አብረናቸው ያደርን እናውቃለን። ቆይቶ ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲሰፋ ተራው የወልድያ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ሆነ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በየተራው ሁላችንም ቀመስነው።

ያን ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው አንዲት ራይት ላይ ነበር። መልእክቱ ከእኛ ወጥቷል፤ አልደረሰም። ጠዋት እናያለን፣ አንድ ራይት። ማታ እናያለን፣ አንድ ራይት። ከስሟ ሥር ለመጨረሻ ጊዜ የታየችበት ቀን ተጽፏል፤ ያ ቀን አይለወጥም። ካሴት ይጠብቁ የነበሩት ታላላቆቻችን ሦስት ወር ዝም ቢባሉ «መንገደኛ ጠፍቶ ነው» ይሉና ይጽናኑ ነበር። እኛ ግን በየማታው ማየት ስለለመድን ሦስት ቀን ዝምታ ሞት ሆነብን። ስልኩ የመታገሥ አቅማችንን ይዞብን እንደሄደ ያወቅነው ያኔ ነው። ብቻችንን ባንሆን ኖሮ ይከብድ ነበር። በሰፈሩ ያሉ እኅቶች በየቮይሱ እየተጽናኑ፣ ሰው የመጣለት የሌላዋን ቤተሰብ እየጠየቀ፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በየጸሎቷ እየተሳሰበች አለፈ።

የሌላም ዓይነት መቋረጥ አለ። ስልካቸው የተወሰደባቸው እኅቶች አሉ፤ ገና እንደገቡ የተነጠቁ፣ ወይም ሲሳሳቱ በቅጣት የተቀሙ። ሰው ስልክ ሲቀማ የሚያጣው ወሬ ብቻ አይመስለን። በተዘጋ ቤት፣ ሰንበትና ዓርብ በማይለይበት ሥራ፣ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ማወቅ ራሱ ይጠፋል። ደመወዝ ያልተከፈለበት ወር ስንተኛው እንደሆነ፣ ውሉ ሊያልቅ ስንት እንደቀረ መቁጠሪያ ይታጣል። ከእነዚህ እኅቶች አንዳንዶቹ ቀኑን በቁም ሳጥን ጀርባ በጭረት ሲቆጥሩ እንደነበር ነግረውናል። ስለዚህ «ስልክ ያጠፋቸዋልና ይወሰድባቸው» የሚሉትን በፍጹም አንቀበላቸውም። ስልክን መዝጋት መልካም የሚሆነው የምትዘጋው ባለቤቷ ስትሆን ብቻ ነው።

ስልኩ ምስክርም ነው

ጊዜያችንን የሚወስድብን ዕቃ ጊዜያችንን ሊመሰክርልንም ይችላል። በሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ከዘጠኝ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍትና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ ይል ነበር። እርሱን ተክቶ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ የሥራው ሰዓት በቀን ከአሥር እንዳይበልጥ፣ ሳምንታዊውም ዕረፍት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እንዲሆን ያዛል። ደመወዝም ከጁላይ 2024 ጀምሮ በመጀመሪያ በአዲሶቹ ውሎች፣ ቀጥሎም ደረጃ በደረጃ በሌሎቹ፣ ሙሳነድ በሚባለው ሥርዓት በኩል በባንክ እንዲከፈል ተወስኗል።

ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ ቤት ውስጥ እንደማይገኝ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አሥር ሰዓት የሚለውን ደንብ በግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤት አላየንም። ነገር ግን ሰዓትና ቀን የተጻፈበት ነገር ጠብ ሲነሣ ዋጋ አለው። ሌሊት ስምንት ሰዓት የተላከ «ተነሺ» የሚል መልእክት ሰዓቱን ይዞ ተቀምጧል። ገንዘብ የገባበት ቀን በባንኩ ተመዝግቧል፤ ያልገባበት ወርም ባዶ ሆኖ ይታያል። «ሁሉን ከፍያታለሁ» ለሚል ሰው መልሱ ያ ባዶ ወር ነው። ታላላቆቻችን በቃላቸው ብቻ የተከራከሩበትን እኛ በቀኑ ልንከራከርበት እንችላለን፤ ከቆጠርነውና ካስቀመጥነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ የገባንበትን ቀን፣ ውሉ የሚያልቅበትን ቀንና በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ዛሬውኑ አጣርተን በሦስቱም አቆጣጠር እንጻፍ። በስልክ ብቻ አይሁን፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይወሰዳልም። በወረቀት ጽፈን አንዱን ለምናምናት ጓደኛ፣ አንዱን ለቤተሰብ እንስጥ። ደመወዝ የተቀበልንበትንም በየወሩ እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ ከሌሊቱ አንዲት ሰዓት መርጠን ለራሳችን እናድርጋት፤ ከዚያ በኋላም ስልኩን ከትራስ ሥር አውጥተን ራቅ አድርገን እናስቀምጠው። ማዳም በሌሊት እንድንመልስላት የምታስገድደን ብንሆን እንኳ ቢያንስ የቲክቶኩንና የአገር ቤቱን ደወል ማጥፋት በእጃችን ነው። ሁሉን መዝጋት ባንችል የምንችለውን እንዝጋ። እንቅልፍ ቅንጦት አይደለም፤ የምንሸጠው ጉልበት የሚታደሰው በእርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ለቤተሰቦቻችን ሰዓታችንን እንንገራቸው። «ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ደውሉልኝ፤ ከዚያ ውጪ ዝም ብል ተኝቼ ነው፣ ደኅና ነኝ» ብንላቸው ይረዱናል። ካልነገርናቸው ግን ዝምታችንን ንቀት ወይም ሕመም አድርገው ይተረጉሙታል። ለገንዘቡም ቀን እንቁረጥለት፤ በወር አንድ ቀን ይላካል፤ ሕመምና ሞት ካልሆነ በቀር ሌላው ያንን ቀን ይጠብቅ። ጎረቤትም ዕድርም ዛሬም አሉ።

እናንተም አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ወላጆች፣ ባሎች፣ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ስትደውሉ ከ«ምን ላክሽ?» በፊት «ስንት ሰዓት ተኛሽ?» በሉን። ልጆቻችንን ስልክ ሲያገናኙን «እናትህ ናት» ብላችሁ ንገሯቸው። የምንመለስበትንም ቀን በቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፉት፤ ልጁም በየወሩ እየቆጠረ ይደግ። እኛ እንኳ ብንረሳው እርሱ ያስታውሰን።

በመጨረሻም እኅቶቻችን፣ የመካው ትልቁ ሰዓት ለሚሊዮኖች ይቆጥራል። የአሠሪዎቻችን ስልክ ለቤታቸው ይቆጥራል። ለእኛ የሚቆጥርልን ግን ከእኛ በቀር ማንም የለም። የመጣንበትን ቀን የማያውቅ ሰው የሚመለስበትን ቀን ሌላ ይወስንለታል። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ቀኑን በራሳችን አቆጣጠር ጠርተን፣ ስንት እንደሄደና ስንት እንደቀረ አስልተን፣ ስልኩን ራቅ አድርገን እንተኛ።

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን። ለአገራችሁና ለልጆቻችሁ በሰላም ያብቃችሁ። ቸር ያሰንብተን።